«ሕዋስ»፦ ከስሜት እስከ ጉተታ

እንደሚታወቀው «ሕዋስ» ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው። ነባር ትርጓሜው ስሜትን የሚመለከት ሲሆን፣ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ «አምስቱ ሕዋሳት» ይባላሉ። ዘመናዊው የሥነ ሕይወት ትምህርት ቃሉን ለሕያዋን መሠረታዊ የአካል ቅንጣት መጠሪያ አደረገው፤ በአብዮቱም ዘመን የፖለቲካ ድርጅቶች ለአነስተኛ ቡድኖቻቸው ተጠቀሙበት። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ስንጣቂ በማጉያ መነጽር አይቶ የሰጠው ስም ግን «ትንሽ ክፍል» ማለት ነው። አውሮፓውያን በቤት ሰየሙት፤ እኛ በስሜት።

የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ጥናት ይህን ልዩነት ትርጉም ያለው ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1882 ኢሊያ ሜችኒኮፍ በመሲና ከተማ የኮከብ ዓሣ እጭን በእሾኽ ወግቶ፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾኹን ሲከቡት ተመለከተ። በአገራችንም በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሰውነት የሥጋ ደዌን እንዴት እንደሚከላከል ሲያጠና ኖሯል። ሕዋስ የሚነካውን ገጽ በምን ያህል ኃይል እንደሚጎትት ማየት የተቻለው ግን ከሜችኒኮፍ አንድ ምዕት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 አልበርት ሐሪስና ባልደረቦቹ የአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ሕዋሳትን በስስ የሲሊኮን ጎማ ላይ ቢያኖሩ ጎማው ተጨማደደ። በ1999 ማይካ ዴምቦና ዩሊ ዋንግ ጎማውን ጥቃቅን ዶቃዎች በተበተኑበት ለስላሳ ዝልግልግ ቁስ ተክተው፣ ከዶቃዎቹ መፈናቀል ኃይሉን አሰሉ። ዘዴው በክረምት ከላምበረት ወደ እንጦጦ ሸንተረር የወጣን መንገደኛ አሻራ እንደማንበብ ነው፤ የጭቃውን ጥንካሬ የሚያውቅ ሰው እግሩ በምን ያህል ኃይልና ወዴት አቅጣጫ እንዳረፈ ከአሻራው ይገምታል።

በዚህ መንገድ ቲ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሲመረመሩ፣ የነኩትን ገጽ እየጎተቱ ልስላሴውንና ጥንካሬውን እንደሚለዩ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናትም ገዳይ ቲ ሕዋስ ዒላማውን በጉልበቱ ሲወጥር፣ የሚለቀው ፕሮቲን በተወጠረው ሽፋን ላይ ቀዳዳ ማበጀት እንደሚቀልለው ተገለጠ። የሚለካው በፒኮኒውተንና በናኖኒውተን ነው። አንድ ኒውተን የመቶ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል ሲሆን፣ ፒኮኒውተን የዚያ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው።

ለተርጓሚ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይህን ድርጊት «ስበት» ቢለው አንባቢው የመሬት ስበትን ያስባል። «ኃይል» ብቻ ቢለው ከ«ኤሌክትሪክ ኃይል» ጋር ይደባለቃል፤ ሕዋሱ «ኃይለኛ» ነው የሚል ስሜትም ያሳድራል። በፓስካል የተሰጠውን ልክ «ግፊት» ቢለው ደግሞ ወደ ራሱ የሚጎትተውን ሕዋስ ገፊ ያደርገዋል። ስሕተቱ የቃል ብቻ ሳይሆን የአቅጣጫም ይሆናል።

በበኩላችን በኒውተን ለሚለካው «የጉተታ ኃይል»፣ ይኸው ለስፋት ተካፍሎ በፓስካል ለሚለካው «የጉተታ ውጥረት» ቢባል እንመርጣለን። «ጉተታ» ገበሬውም ሾፌሩም የሚያውቀው፣ አቅጣጫውን በራሱ የሚናገር ቃል ነው። «ሕዋስ»ን የሰየሙ ሰዎች ይህን ግኝት አስቀድመው አላወቁም፤ ሆኖም እየጎተተ የሚዳስስ ቅንጣት በስሜት ስም መጠራቱ ስሙን ይበልጥ የተስማማ አድርጎታል። ስለዚህ በባዕድ ቃል ልንተካው አይገባም።