በር የሌለው ድርቅ

ክፉ ቀንን (ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.) ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከከብቱ ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ፤ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ይህ ታሪክ በርም ጥፋተኛም አለው። የቀረው ዝናብ ግን በር የለውም።

የዝናቡ ነገር ከፓስፊክ ይጀምራል። በ1888 እ.ኤ.አ. የውቅያኖሱ ምሥራቃዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ ነበር፤ ዛሬ ኤልኒኞ የምንለው ነው። ውሃ ሙቀት ያጠራቅማል። እዚህ ቶሮንቶ ኅዳር ሲገባ የሐይቁ ዳር ከመሀል አገሩ ይልቅ የሚለዝበው ኦንታሪዮ የሐምሌን ሙቀት ገና ስላልጨረሰ ነው። ፓስፊክ ግን አየሩን በሰፊው ያነሣል፤ በአንድ ወገን የተነሣ አየር በሌላ ወገን ይወርዳል፣ የሚወርድ አየር ደግሞ ደመና አይሠራም። የሰሜኑ ደጋ ክረምት የሚሳሳው እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት ግብፅ ላይ የዓባይ ሙላት ዝቅ ማለቱ ተመዝግቧል፤ የእኛ ድርቅ በሰው አገር መለኪያ ተጻፈ።

በ2015 እ.ኤ.አ. ያው ውሃ ሞቀ። በዓመቱ መጨረሻ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ነበር። የውሃው መሞቅ ግን ከክረምቱ በፊት ታውቆ ነበር።