የግንባር ጽሕፈት

በጥንታዊት ቻይና ፊት እንደ ብራና ይነበብ ነበር። ግንባር የወጣትነትን፣ አፍንጫ የጉልምስናን፣ አገጭ የእርጅናን ዕድል ይናገራል ይባላል።

ሊዩ ባንግ ገና ተራ ሹም ሳለ አንድ የተከበረ ሰው ፊቱን አይቶ ልጁን እንደ ዳረለት ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን መዝግቧል። ሊዩ ባንግም በ202 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ታዲያ ትንቢቱ ሠመረ አይደል? እኛ ግን እንጠይቃለን፤ እንደሱ ያለ ፊት ኖሯቸው ሲያርሱ የሞቱትን ማን መዘገበልን?

ፈላስፋው ሹንዝማ ያኔውኑ፣ በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ፊት አንባቢዎችን የሚቃወም ጽሑፍ ጽፏል። ለሱ የሰው መለኪያ መልኩ ሳይሆን ልቡና የሚከተለው መንገድ ነው።

እኛስ? የድሀውን ድህነት «የግንባሩ ነው» ብለን ስናልፍ፣ ያው ፊት ማንበብ አይደለም ወይ?