ለአሮጌ ላዳ የትኛው ቺንጋ? ከቁጥሩ ጀርባ ያለው የመቶ ዓመት ታሪክ

በአሮጌ ላዳ ሞተር ፊት ለፊት በሚዞረው ጥቁር ላስቲክ ጀርባ ላይ «10×8-944» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ ዘይቱና አቧራው ካላጠፋው ማለቴ ነው። ፋንቤልት በሉት፣ እንደ መካኒኮቻችን ቺንጋ በሉት፣ ያው ነው። (ቺንጋ የሚለውን ቃል ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው። ላዳውም ቢሆን ዘሩ ከጣሊያን ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።) ላስቲኩ ሲበጠስ ባለመኪናው ሶማሌ ተራ ሄዶ «የላዳ ቺንጋ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም ከሚስማር ላይ ሦስት አራት ዓይነት ያወርድለታል። ስፋታቸው በዓይን ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። አንዱ በውስጥ በኩል ጥርስ አለው፣ ሌላው ልሙጥ ነው። ታዲያ የቱን ይውሰድ?

የኔን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ቅርጹን መኪናው በተሠራበት ዘመን ልክ፣ ላስቲኩን ደግሞ ዛሬ ባለን ዕውቀት ይምረጥ። ለምን እንደዚያ እንደምል እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት ያስመዘገበባት ባለ ሦስት ጎማ መኪና የሞተሯን ኃይል የምታስተላልፈው መጀመሪያ በጠፍጣፋ ቀበቶ፣ ከዚያ በሰንሰለት ነበር። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በዚያ ዘመን በየፋብሪካው ጣሪያ ሥር አንድ ረጅም ዘንግ ይሽከረከራል፤ ከዘንጉ ላይ በወረዱ የቆዳ ቀበቶዎች ደግሞ ማሽኖቹ ሁሉ ይዞራሉ። በ1908 የወጣው ፎርድ ሞዴል ቲም ፋኑን የሚያዞረው በጠፍጣፋ ቀበቶ ነበር። አብዛኞቹ ሞዴል ቲዎች የውኃ ፓምፕ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ የሞቀው ውኃ ስለሚቀል በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ቀዝቅዞ ይወርዳል፣ በቃ። ቀበቶው ቢበጠስ መኪናው ፋን ብቻ ነው የሚያጣው። የዛሬው ቺንጋ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ጠፍጣፋ ቀበቶ አንድ ትልቅ ችግር አለበት፦ ካልተወጠረ ይንሸራተታል፣ በጣም ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታ ይበላል። እዚህ ላይ የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮንሃርድ ኦይለር ይመጣል። ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ገመድ በምሰሶ ላይ ሲጠመጠም ሰበቃው ምን ያህል እንደሚይዘው አስልቶ ነበር። በሬ አስራችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩን እጃችሁ ያውቀዋል፤ ገመዱን በግንድ ላይ አንዴ ካዞራችሁት በሬው ቢታገልም በአንድ እጅ ትይዙታላችሁ።

እስቲ እናስላው። ጠፍጣፋ ቀበቶ በፑሌጃ ላይ ግማሽ ዙር ተጠምጥሟል፤ የሰበቃ መጠኑን 0.3 እንበል። በኦይለር ቀመር መሠረት የተወጠረው ጎን ከላላው ጎን ቢበዛ 2.6 እጥፍ ያህል ቢጎትት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል። አሁን ያንኑ ላስቲክ እንደ ሽብልቅ ጎኖቹን አጥባችሁ ቁረጡትና 40 ዲግሪ በተከፈተ ቦይ ውስጥ አስገቡት። ቺንጋው በተወጠረ ቁጥር ወደ ቦዩ ይሰምጣል፣ ሁለት ጎኖቹም በግድግዳው ይጨመቃሉ። ሰበቃው ሦስት እጥፍ ገደማ የሆነ ያህል ይሠራል። በቀመሩ ውስጥ ሰበቃው የሚገባው እንደ አርቢ ስለሆነ ደግሞ ውጤቱ በሦስት እጥፍ አይቆምም፤ 2.6 የነበረው ወደ 16 ገደማ ይዘላል። ያው ላስቲክ፣ ያው ፑሌጃ፣ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ! እኔ በበኩሌ ከሜካኒክስ ትምህርት ውስጥ ይህን ያህል የወደድኩት ስሌት ጥቂት ነው።

ይህን ቅርጽ ለመኪና ያበቃው በዴንቨር ከተማ፣ በአሜሪካ፣ የነበረው ጆን ጌትስ ነው። ወንድሙ ቻርልስ በ1911 የገዛው ትንሽ ኩባንያ ለመኪና ጎማ የሚጠለቅ የቆዳ ሽፋን ይሸጥ ነበር። በ1917 ጆን ከላስቲክና ከተሸመነ ክር ሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቺንጋ ሠራ። የዛሬ ላዳ ቺንጋ የዚያ ቀጥተኛ ልጅ ነው።

ጊዜውም የተመቸ ነበር፤ መኪኖች ሸክም እየጨመሩ ነበርና። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ ላይ በእጅ የሚዞረውን ማንቀሳቀሻ በኤሌክትሪክ ተካ፤ ባትሪ ካለ ደግሞ የሚሞላው ዲናሞ ያስፈልጋል፣ ዲናሞውን የሚያዞር ቺንጋም እንዲሁ። ከዚያ የውኃ ፓምፕ መጣ፣ በ1951 ክራይስለር ላይ መሪን የሚያቀል ፓምፕ ተጨመረ፣ ቀጥሎም የአየር ማቀዝቀዣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ትልልቆቹ የአሜሪካ ሞተሮች ፊታቸው ላይ ሦስትና አራት ቺንጋ ተደርድሮ ነበር።

ላዳ ግን ትሑት ነው። ፊያት 124 የተባለው የጣሊያን መኪና በ1966 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረት በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ ለመትከል ከፊያት ጋር ተስማማች። በ1970 የፊያት ወንድም የሆነው መኪና ከዚያ መውጣት ጀመረ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ የአዲስ አበባን ዳገት ለአሥርተ ዓመታት ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ያ የላዳ ዘር ነው። ሞተሩ ፊት ላይ አንድ ቺንጋ ብቻ በሦስት ፑሌጃዎች ይዞራል፤ አንዱ የክራንክሻፍቱ፣ አንዱ የውኃ ፓምፑ፣ አንዱ የዲናሞው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ፋኑም የተገጠመው እዚያው ፓምፑ ፑሌጃ ላይ ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ይህች አንድ ላስቲክ ስትበጠስ ፓምፑም ፋኑም ዲናሞውም አብረው ይቆማሉ። የባትሪው ቀይ መብራት ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶም የሙቀቱ መርፌ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምንኖር በድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ጨምሮ ይህን ከፍ ያደርገዋል እንጂ፣ የሚጨምረው ከውጭው አየር ግፊት ላይ ተነሥቶ ስለሆነ ያው ላዳ እዚህ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ሹፌሩ «እስከ ጋራዥ ልድረስ» ብሎ ከነዳው ቴስታታው ይጣመማል። ለባለታክሲ ይህ ማለት የብዙ ቀን ገቢ ነው፤ የቺንጋው ዋጋ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ወደ ሱቁ እንመለስ። 10×8-944 ማለት 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 8 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ 944 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው። ብዙ ሰው ርዝመቱ ላይ ብቻ ያተኩራል። እኔ ግን ስፋቱን ነው የማስቀድመው፤ ምክንያቱም ከላይ ያየነው የ16 እጥፍ ተአምር የሚሠራው ጎኖቹ ግድግዳውን ሲነኩ ብቻ ነው። የጠበበ ቺንጋ ወርዶ የቦዩ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ሽብልቅነቱ ያከትምና ከ1917 በፊት ወደነበረው ጠፍጣፋ ቀበቶ ይመለሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የፑሌጃውን ቦይ ተመልከቱ። ግድግዳዎቹ ብቻ ካብለጨለጩ ደህና፤ ወለሉም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ቺንጋው እየሰመጠ ነበር፣ ወይም ፑሌጃው ራሱ ተበልቷል። የወፍጮ ቤት ቺንጋም መልኩ ስለሚመስል የሚሞክሩ አሉ። በብዛት የሚገኘው የወፍጮ ዓይነት 13 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በላዳ ቦይ ላይ ግማሹ ውጭ ይቀራል። ደግሞም የወፍጮ ፑሌጃ ሰፊ ነው፤ የዲናሞው ፑሌጃ ግን ትንሽ ስለሆነ ቺንጋውን በየዙሩ አጥብቆ ያጥፈዋል፣ መታጠፍ ደግሞ ላስቲክን ያሞቃል። በውስጥ በኩል ጥርስ ያለው ቺንጋ የተሠራው ለዚህ ነው። ጥርሶቹ ምንም ነገር አይነክሱም፤ ላስቲኩ በቀላሉ እንዲታጠፍና እንዲቀዘቅዝ ነው። ስፋቱ ትክክል እስከሆነ ድረስ ከልሙጡ ይልቅ እሱን ውሰዱ።

ርዝመቱስ? እዚህ አንዲት ወጥመድ አለች። ከፍታው 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቺንጋ ክብ ሆኖ ሳለ በውጭ በኩል ስትለኩት በውስጥ በኩል ከለካችሁት በ50 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ሁለት ጊዜ ፓይ ጊዜ ስምንት ነው፣ አስሉት። አንዱ አምራች የውጩን፣ ሌላው የውስጡን፣ ሌላው መሐል ላይ ክሩ የሚያልፍበትን መስመር ይጽፋል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የተበጠሰውን ቺንጋ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቆሽሾም ቢሆን አትጣሉት።

አሁን ወደ ላስቲኩ። የመጀመሪያዎቹ ቺንጋዎች ከተፈጥሮ ጎማና ከጥጥ ክር ይሠሩ ነበር፤ ዘይትና ሙቀት ቶሎ ይጨርሳቸዋል። በ1930 በዱፖንት ኩባንያ አርኖልድ ኮሊንስ የተባለ ኬሚስት ኋላ ኒዮፕሪን የተባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ አገኘ፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የመኪና ቺንጋ በዚህ ተሠራ። ኒዮፕሪን ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል፤ አባቶቻችን ቺንጋውን ገልብጠው ስንጥቅ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ከዚህ ክፍለ ዘመን መባቻ ወዲህ ግን ኢፒዲኤም የተባለ ጎማ እየተካው ነው። ዋና ሰንሰለቱ ላይ ኦዞን የሚያጠቃው ድርብ ትስስር ስለሌለው ሙቀትና እርጅናን በጣም ይችላል፣ አይሰነጠቅምም። እንደ ሶል ቀስ ብሎ ይበላል እንጂ። ስለዚህ «ስንጥቅ የለውም፣ ገና ነው» የሚለው የድሮ ፍርድ በአዲሱ ላስቲክ ላይ አይሠራም፤ መታየት ያለበት ምን ያህል እንደሰመጠ ነው።

ታዲያ ኢፒዲኤም ሁልጊዜ ይሻላል? አንድ ነገር አለ፤ የሞተር ዘይት አይወድም፣ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። አሮጌ ሞተር ደግሞ ዘይት ማንጠባጠብ ልማዱ ነው። ለዘይት ኒዮፕሪን የተሻለ ይታገሣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያ ማፍሰሻውን ማስደፈን ነው፤ ዘይት በሚረጭበት ቦታ ውድ ቺንጋ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

«አዲሶቹ መኪኖች ላይ ያለውን ሰፊ ቺንጋ ለምን አንገጥምም?» የሚል ጥያቄ ይመጣባችኋል። ያኛው ብዙ ትናንሽ ሽብልቆች ጎን ለጎን የተሰለፉበት ነው፤ በ1979 ፎርድ ሙስታንግ ላይ ወጥቶ ሦስትና አራቱን ቺንጋ በአንድ ተካ። «6ፒኬ1070» የሚለው 6 ሸንተረር፣ በመካከላቸው 3.56 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1,070 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በአንድ ቦይ ፑሌጃ ላይ አይቀመጥም፤ ፑሌጃዎቹን ሁሉ መለወጥ ይጠይቃል። ከዚያም በላይ በብዙ እንዲህ ዓይነት ሞተሮች ላይ የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው የቺንጋው ጀርባ ስለሆነ ፓምፑ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። ከውጭ ተመሳሳይ የሚመስል ፓምፕ ቀይሮ የገጠመ ሰው ሞተሩ ለምን እንደሚሞቅ ግራ ሊገባው ይችላል።

ታይሚንግ ቤልትን ከዚህ አታደባልቁት። እሱ በሰበቃ ሳይሆን በጥርሱ ይነክሳል፤ በ1962 ግላስ 1004 በተባለ የጀርመን መኪና ላይ በብዛት መመረት ጀመረ። አብዛኞቹ አሮጌ ላዳዎች በዚያ ቦታ ሰንሰለት አላቸው፤ 2105 ሞዴል ግን ቀበቶ ነው የተገጠመለት። የ2105 ፒስተኖች ጎድጎድ ስላሉ ቢበጠስም ቫልቭ አይመታም። በሌሎች ብዙ መኪኖች ላይ ግን ይመታል፤ እዚያ ላይ «ይመስላል» ብሎ መግዛት የለም።

ቺንጋው ተመረጠ እንበል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የዲናሞውን ቡሎን አላልታችሁ ግጠሙት እንጂ በካቻቪቴ እያስገደዳችሁ አታስገቡት፤ ውስጡ ያለው ክር ከተጎዳ ከውጭ አይታይም። ከዚያ በፓምፑና በዲናሞው መካከል በ10 ኪሎ ያህል ኃይል ስትጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቦዩ ውስጥ ስለሚሰክን ትንሽ ይላላል፤ አንድ ሁለት ቀን ከተነዳ በኋላ እንደገና ለኩት። ሞተሩ ሲነሣ «ጭጭጭ» ካለ በሸንተረሩ በኩል ጥቂት ውኃ እርጩበት፤ ድምፁ ከጠፋ ፑሌጃዎቹ አልተሰለፉም፣ ከባሰ ደግሞ ላልቷል። ስትረጩ ነጠላችሁንና ሻሻችሁን ግን ራቅ አድርጉ።