ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ፦ የተጓዡ መንገድ እንዴት ይሻሻላል?

የከተማ ባቡር ጉዞ የሚጀምረው ተሳፋሪው ከቤቱ ደጃፍ ሲነሣ እንጂ ባቡሩ ውስጥ ሲገባ አይደለም። ከቤት እስከ ጣቢያ፣ ከጣቢያም እስከ መድረሻ ያለው መንገድ አስቸጋሪ ከሆነ ባቡሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ለብዙዎች አይጠቅምም።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አንደኛው መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋ ነው። የሰሜን–ደቡቡ መስመር በአትክልት ተራና በአውቶቡስ ተራ በኩል ስለሚያልፍ የሚያገለግለው የከተማውን ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ከክልል የሚመጣውን መንገደኛና ነጋዴ ጭምር ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ሐዲዱ በአመዛኙ የተዘረጋው በሰፋፊ ጎዳናዎች መካከል ሲሆን፣ በመሬት ላይ የሚሄደው ክፍል በአጥር የተከለለ ነው፤ ሌላው ክፍል በድልድይ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ተሳፋሪው የመኪና መንገድ መሻገር ወይም ደረጃ መውጣት ይጠበቅበታል። ይህ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ሸክም ለያዘ ሰው ከባድ ነው።

ርቀቱም በአጥሩ ምክንያት ይጨምራል። አንድ ጤናማ ሰው በ10 ደቂቃ 800 ሜትር ያህል ይራመዳል። ጣቢያው በቀጥታ 400 ሜትር ቢርቅና መሻገሪያ ፍለጋ 200 ሜትር ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ ቢያስፈልግ፣ የ5 ደቂቃው መንገድ 10 ደቂቃ ይሆናል። የቸኮለ ሰው አጥር ዘሎ ሲሻገር ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

• መሻገሪያ፦ ከጣቢያው መግቢያ ፊት ለፊት፣ በትራፊክ መብራት የታገዘ ዜብራ ማዘጋጀት።

• የእግረኛ መንገድ፦ ያልተቆራረጠ፣ ውኃ የማያቁር፣ ከሱቅ ዕቃና ከቆመ መኪና ነጻ የሆነ፣ ሌሊትም መብራት ያለው እንዲሆን ማድረግ።

• ታክሲና አውቶቡስ፦ ማቆሚያቸውን ወደ ጣቢያው ማስጠጋት፤ ተሳፋሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ተጨማሪ ጎዳና እንዳያቋርጥ።

• ብስክሌት፦ ጥበቃ ያለው ማቆሚያ በጣቢያው አጠገብ ማዘጋጀት።

• ተደራሽነት፦ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ራምፕ መሥራት፤ ደረጃ ባለበትም የሚሠራ አሳንሰር እንዲኖር ማድረግ።

ከእነዚህ አብዛኞቹ አዲስ ሐዲድ ከመዘርጋት ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው አነስተኛ ነው። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ከባቡር ጣቢያዎች ጋር ሲገናኙ ጥቅማቸው የላቀ ይሆናል።

ባቡር ለሌላቸው እንደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደሴ ላሉ ከተሞችም ትምህርቱ ያው ነው። ምርቱን ይዞ ወደ ከተማ የሚመጣው አርሶ አደር ከመናኸሪያ እስከ ገበያ የሚሄድበት መንገድ የጉዞው አካል ነው፤ መናኸሪያ ሲታቀድም አብሮ ሊታቀድ ይገባል።