ጦም ያደረ እርሻ

ኢጣሊያኖች በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛት ካሰኙ በኋላ፥ ባሮን ፍራንኬቲ የአገሩን ገበሬዎች በደጋው ሊያሰፍር ተሾመ። በክፉ ቀን ሰውና ከብት አልቆ ብዙ እርሻ ጦም አድሮ ነበርና፥ ባለቤት የለውም ብለው ለመንግሥታቸው ወረሱት። ነገር ግን አራሽ ያጣ መሬት ባለርስት አጣ አይባልም፤ የተሰደደው ሲመለስ ያባቱን ድንበር ይጠይቃልና።

ስለዚህ አስቀድሞ ለኢጣሊያ ያደሩት ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. በሰገነይቲ ተነሡ፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ሐላይ ላይ ተዋግተው ወደቁ።

አንባቢ ሆይ፥ ደማቸው ከንቱ አልቀረም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢጣሊያ ዐድዋ ላይ ድል ሆነ፤ የፍራንኬቲም አሳብ ፈረሰ። ከዋግሹም ጓንጉል ጋራ ወደዚያ የዘመተው የዋግ ባለርስትም፥ የአካለ ጉዛይ ወንድሙ አስቀድሞ የሞተለትን ነገር ፈጸመ።