አንድ ሐኪምና አንድ ቄስ ስለ ጉድጓድ ውሃ ያደረጉት ክርክር

የሕዝብ ችግር በሚነሣበት ስብሰባ ሁሉ አንድ ነገር ዘወትር ይታያል፤ ይኸውም «እንዲህ አይደለም» ብሎ የተቃወመ ሰው ወዲያው እንደ ጠላት መቈጠሩ ነው። ተቃዋሚውም በበኩሉ ነገሩን ትቶ የተናጋሪውን ስም ወደ ማጥፋት ያዘነብላል። እኔ ግን ተቃዋሚ ምን ያህል እንደሚጠቅም ባሰብሁ ቊጥር፣ በሎንዶን ከተማ በአንድ ሐኪምና በአንድ ቄስ መካከል የተደረገው ክርክር ይታወሰኛል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. ኦገስት 31 ቀን ሌሊት፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር፣ በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገባ። በዐሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በመጨረሻም የሟቾቹ ቊጥር 616 ደረሰ። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞች በሽታው የሚመጣው ከቈሻሻ በሚነሣ ክፉ አየር ነው ይሉ ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን የሚተላለፈው በውሃ ነው ባይ ነበርና ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። ከሟቾቹ የሚበዙት ከብሮድ ስትሪት ጉድጓድ የጠጡ ሆነው ተገኙ። በአቅራቢያው በነበረው የድኾች መጠለያ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሲኖሩ የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ፤ መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ከ70 በላይ ሠራተኞች በነበሩት የቢራ ፋብሪካም በኮሌራ የሞተ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ የሚጠጡት ቢራ ነበርና። (ይህ ወሬ ለቢራ ወዳጆች ደስ እንደሚል አውቃለሁ።)

ስኖው ሴፕቴምበር 7 ቀን ይህን ለሰፈሩ ሹማምንት አስረዳ፤ በማግሥቱም የውሃ መሳቢያው እጀታ ተነቀለ። ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል። በእኔ አስተያየት ግን ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እጀታው ሲነቀል በሽታው አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ስለ ነበር፣ የእጀታው መነቀል ብቻውን ለማንም ማስረጃ ሊሆን አይችልም ነበር።

የሰፈሩ ረዳት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለም። ሕመምተኞችን እየዞረ ሲጠይቅ ሰንብቷልና፣ ከዚያው ውሃ አብዝተው ጠጥተው የዳኑ ሰዎችን ያውቅ ነበር። ነገሩ በሚገባ ቢመረመር ሐሳቡ ሐሰት ሆኖ እንደሚገኝ ለስኖው ነገረው። ስኖውም ስለ ኮሌራ የጻፈውን መጽሐፍ ሰጠው፤ ሁለቱም ሰበካው ባቋቋመው የምርመራ ኮሚቴ ውስጥ አብረው ሠሩ። አንባቢዬ ልብ ይበል፤ አክብሮት ማለት «እርስዎ እንዳሉት» እያሉ ራስን መነቅነቅ አይደለም። ቄሱ ሐኪሙን ፊት ለፊት ተቃውሞታል።

ስኖው አጥብቆ የጠየቀው ስለ ሞቱት ነበር፤ ኋይትሄድ ግን የሰፈሩን ሰው ቤት ለቤት ያውቅ ስለ ነበር ስለ ተረፉትም ጠየቀ። አንዱን ቤት አራት አምስት ጊዜ እስከ መመላለስም ደረሰ። ሐሳቡን ሊያፈርስ የሰበሰበው ማስረጃ ግን ሐሳቡን አጸናው። በብሮድ ስትሪት ውሃውን ከጠጡት 137 ሰዎች 80ዎቹ ታመው ነበር፤ ካልጠጡት ከ200 ከሚበልጡት ግን 20 ብቻ። በኋላም የሞት መዝገብ ሲያነብ በቤት ቊጥር 40 የሞተች አንዲት ሕፃን አገኘ። እናቲቱን ሄዶ ቢጠይቃት፣ የልጅቱን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ በቤቱ ሥር ባለው የቈሻሻ ጉድጓድ ትደፋ እንደ ነበር ነገረችው። ተቈፍሮ ሲታይ ጡቡ ፈራርሷል፤ ከመጠጡ ውሃ የሚለየውም አንድ ሜትር የማይሞላ አፈር ነበር። የሕፃኒቱ አባት የታመመው ደግሞ እጀታው በተነቀለበት በዚያው ቀን ነው፤ እጀታው በቦታው ቢቈይ ኖሮ መቅሠፍቱ እንደ ገና ሊነሣ ይችል ነበር።

የመንግሥቱ የጤና ቦርድ ያቋቋመው ኮሚቴ በ1855 የስኖውን ሐሳብ አልቀበልም አለ። ስኖው በ1858 በ45 ዓመቱ ሞተ። በ1866 ኮሌራ በምሥራቅ ሎንዶን በገባ ጊዜ፣ የዚያው ኮሚቴ አባል የነበረው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዊልያም ፋር የሟቾቹን መዝገብ ከውሃ አቅራቢዎቹ ጋራ አመሳክሮ በሽታው ከአንድ ኩባንያ ውሃ እንደ መጣ አስታወቀ። ኋይትሄድም ምርመራውን ሊረዳ ወደዚያው ሰፈር ሄደ።