ከፎገራ ውኃ እስከ ጥርስ ሥር፦ የክሎሪን ታሪክ

የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጠጣ፣ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋ የሩዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት እንደሆነው ሜዳው በጎርፍ ሲጥለቀለቅ የመጠጥ ውኃም ለብክለት ይጋለጣል። በወረታና በአካባቢዋ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ የደፈረሰ ውኃ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት መዝቀጥና መጥለል እንዳለበት ያውቃል፤ ቆሻሻው የክሎሪኑን ኃይል ይጨርሰዋልና። የጥርስ ሥር ቦይ ሕክምና ታሪክም ይህንኑ ሕግ ያስተምራል።

የበረኪና ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በቁስል ሕክምና የታወቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ዳኪን በ0.5 በመቶ መጠን አዘጋጁት፤ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሲስ ካሬልም በኮምፒየን ሆስፒታል ተጠቀሙበት። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከፈሳሹ ብቻ የመጣ አልነበረም። አስቀድሞ የሞተው ሥጋ ይወገዳል፤ ከዚያም ፈሳሹ በየጊዜው ይታደሳል።

እ.ኤ.አ. በ1941 ግሮስማንና ሜይማን ሃይፖክሎራይት በጥርስ ውስጥ ያለውን ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ እንደሚያሟሟ አሳዩ። በ1957 ኒጎር-ኦስትቢ የጥርስን ማዕድን የሚያለሰልሰውን ኢዲቲኤ አስተዋወቁ። በ1965 ካኬሃሺና ባልደረቦቻቸው ከጀርም ነፃ ሆነው ባደጉ አይጦች የተጋለጠው የጥርስ ነርቭ ሲድን፣ በሌሎቹ አይጦች ግን ሲሞት አዩ፤ ጥፋተኛው ባክቴሪያ መሆኑም ተረጋገጠ። በ1981 እና በ1983 ስዊድናውያኑ ቢስትረምና ሰንድቅቪስት ያወጧቸው ጥናቶች ደግሞ በፋይል መፋቅና በጨው ውኃ ማጠብ ባክቴሪያን ቢቀንሱም ሁልጊዜ እንደማያጠፉ፣ 0.5 በመቶ ሃይፖክሎራይት ግን የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አመለከቱ።

ዛሬም መርሁ አልተለወጠም። በጠባቡ ቦይ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ በፍጥነት ኃይሉን ስለሚያጣ ደጋግሞ መተካት ያስፈልጋል፤ በአልትራሳውንድ ማነቃነቅም ፋይል ወደማይደርስባቸው ቅርንጫፎች እንዲዘልቅ ይረዳዋል። ማጠቢያው በጎኑ በተከፈተ መርፌ፣ ያለ ግፊት ይሰጣል፤ ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ሥጋን ያቃጥላልና። መጠኑ ያልታወቀ የሱቅ በረኪናም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ይህ ታሪክ የጥርስ ሐኪም ላልሆነውም ባለሙያ ይጠቅማል። ነርቩ በሞተ ጥርስ ውስጥ የደም ዝውውር ስለሌለ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ወደ ቦዩ አይደርስም። እብጠት ሲስፋፋ ወይም ትኩሳት ሲኖር መድኃኒቱ ቦታ አለው፤ ምንጩን ግን አያደርቅም። በጥርስ ሕመም ደጋግሞ ለሚመጣ ታካሚ ያንኑ ማዘዣ ከመድገም ይልቅ፣ ጥርሱ ሳይፈረካከስ ቦዩ ወደሚጸዳበት ተቋም መላክ፣ መዳን የማይችለውንም በወቅቱ ማስነቀል ይገባል። ጭቃውን ሳያጠልል ክሎሪን የሚጨምር ሰው ውኃውን አላከመም፤ ቦዩ ሳይጸዳ በአንቲባዮቲክ ብቻ የተሸኘ ታካሚም ከነሕመሙ ነው የሄደው።